ከውቅያኖስ እስከ ሶር ወንዝ፦ ውኃ ሲሞቅ ዓሣ የት ይሄዳል?

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሁሩሙ የቡናና የደን አገር ናት። በዚህች ከተማ የሚማር ተማሪ ውቅያኖስን የሚያውቀው በካርታና በቴሌቪዥን ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቅርብ የሚባለው ባሕር እንኳ በአየር መስመር 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይሁን እንጂ ክረምት በገባ ቁጥር በሁሩሙ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ የሚያርፈው ዝናብ ቀድሞ ከውቅያኖስ የተነሣ ውኃ ነው። ያው ዝናብ ወደ ሶር ይወርዳል፤ ሶር ከገባ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ የገባ ወንዝም ከብርብር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል። ባሮ ጋምቤላን አልፎ በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ሜዲትራንያን ባሕር ድረስ ይዘልቃል። ውኃው ከባሕር መጥቶ ወደ ባሕር ይመለሳል ማለት ነው።

በዚህ ረጅም ጉዞ ላይ ያለው ውኃ ዛሬ እየሞቀ ነው። ስለ ውቅያኖስ መሞቅና ስለ ዓሣ ሀብት መመናመን በየጊዜው ይጻፋል፤ አንባቢውም ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ ያልፈዋል። ለመሆኑ ሙቀት ዓሣን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው? ሰፊ ባሕር ውስጥ ያለ ዓሣና ጠባብ ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ ዕጣቸው አንድ ነውን? ከደጃችን በሚፈሰው በሶርስ ውስጥ ምን አለን? እኛ የዓሣ ተመራማሪዎች አይደለንም፤ ሙያችን ፊዚክስ ነው። ነገር ግን የዓሣው ጉዳይ ከሥሩ ሲታይ የሙቀት፣ የግፊትና የጋዝ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው፣ በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በዚያው በር ገብተን ለመዳሰስ እንሞክራለን።

የአምቦ ውኃ ትምህርት

አንባብያን ሁለት የአምቦ ውኃ ጠርሙሶችን ያስቡ፤ አንደኛው ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ ሁለተኛው ፀሐይ ላይ የዋለ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ ፀሐይ ላይ የዋለው በኃይል ይገነፍላል፤ ጋዙንም ቶሎ ይጨርሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞቃት ውኃ ጋዝን አሟሙቶ የመያዝ አቅሙ ከቀዝቃዛ ውኃ ያነሰ ነው። ይኸው ሕግ በየቤታችን ምድጃ ላይም ይታያል። ውኃ ሲጣድ፣ ገና ሳይፈላ፣ በድስቱ ግድግዳ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ይለጠፋሉ። እነዚያ አረፋዎች እንፋሎት አይደሉም፤ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ውኃው ሲሞቅ የሚለቀቅበት መልክ ናቸው።

ዓሣ የሚተነፍሰው ይህንኑ የሟሟ አየር ነው። ይሁንና የሚያገኘው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት አንድ ሊትር አየር 280 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በዚያው ሙቀት አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚይዘው 9.1 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከሠላሳ አንድ እጅ ማለት ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆን መጠኑ ወደ 8.3፣ 30 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ወደ 7.6 ሚሊግራም ይወርዳል።

በተራራማ አገር ሌላ ቅናሽ ይጨመራል። መቱ ከባሕር ጠለል 1600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 83 በመቶ ገደማ ነው። በመሆኑም 20 ዲግሪ የሆነ የሶር ውኃ በአየር ቢጠግብ እንኳ በሊትር ከ7.5 ሚሊግራም ያህል በላይ ኦክስጅን ሊይዝ አይችልም። የደጋ ዓሣ ኑሮውን የሚጀምረው ከቆላው ዓሣ ባነሰ የአየር ግፊት ነው፤ ይህንን ጉድለት የሚያካክስለት የደጋው ቅዝቃዜ ነው። ቅዝቃዜው ሲቀንስ ማካካሻውም አብሮ ይቀንሳል።

እስካሁን ያየነው የገቢውን መዝገብ ነው፤ ወጪውም መታየት ይኖርበታል። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት የሚከተለው የውኃውን ሙቀት ነው። ውኃው በሞቀ መጠን በሰውነቱ ውስጥ ምግብን በኦክስጅን እያቃጠለ ኃይል የሚያመነጨው ሂደት፣ ሜታቦሊዝም የሚባለው፣ ይፈጥናል። እንደ ዝርያው ቢለያይም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የኦክስጅን ፍላጎቱ እጥፍ ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመታል። እስቲ እናስላው። ውኃው ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የኦክስጅኑ አቅርቦት በ9 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የዓሣው ፍላጎት ግን በ40 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደመወዙ ሲቀነስ የቤት ኪራዩ የተጨመረበትን ሰው ይመስላል።

እንዲህ ያለው ሰው በማግሥቱ አይሞትም። መጀመሪያ የሚያጣው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጣትን ትርፍ ነው። ዓሣም እንዲሁ ነው። ለመዋኘት፣ ለማደግ፣ ዕንቁላል ለማፍራትና በሽታን ለመቋቋም የሚጠቀምበት ኃይል ከዚያች ትርፍ የሚወጣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ የውኃ መሞቅ ብዙውን ጊዜ ዓሣን በቀጥታ አይገድልም፤ ትርፉን ይወስድበትና ቀሪውን ለሌላ ችግር ይተዋል።

የባሕሩ ዓሣ ይሰደዳል

የሰው ልጅ ከሰል፣ ነዳጅና ደን በማቃጠሉ ምክንያት በምድራችን ላይ ከተጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ የሚበልጠውን የወሰደው ውቅያኖስ ነው። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ከውቅያኖሱ ገጽ ሦስት ሜትር የማይሞላው ንጣፍ ብቻውን ከምድር እስከ ጠፈር ያለው አየር በሙሉ የሚይዘውን ያህል ሙቀት የመያዝ አቅም አለው። ውቅያኖሱ ይህንን ሙቀት በመሸከሙ የየብሱን ኑሮ አቅልሎልናል፤ ዋጋውን ግን በውስጡ ያለው ሕይወት እየከፈለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት የዓለም ውቅያኖሶች ከያዙት ኦክስጅን 2 በመቶ ያህሉን እንዳጡ ተመራማሪዎች አስልተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ጉድለቱ በሁሉም ስፍራ እኩል አይደለም፤ አስቀድሞ ኦክስጅን ባነሰባቸው አካባቢዎች ክፉኛ ይሰማል።

ታዲያ የባሕር ዓሣ ምን ያደርጋል? መልሱ ባጭሩ ይሰደዳል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የሰሜን ባሕር ጥናት እንዳሳየው፣ በ25 ዓመታት ውስጥ ከተጠኑት የዓሣ ዝርያዎች ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት መኖሪያቸውን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ጥልቁ አዛውረዋል። ማከሬል የተባለው ዓሣም ከ2007 ወዲህ በብዛት ወደ አይስላንድ ውኃ ዘልቆ በመግባቱ፣ ዓሣው የማን ነው በሚል በአይስላንድ፣ በኖርዌይና በአውሮፓ ኅብረት መካከል ለዓመታት የዘለቀ ውዝግብ አስነሥቷል። ዓሣው ድንበር አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚስማማውን ሙቀት ነው።

ስደት የማያድንበት ጊዜም አለ። በፔሩ የባሕር ዳርቻ ቀዝቃዛና በማዕድን የበለጸገ ውኃ ከጥልቁ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ አንቾቬታ የተባለችው ትንሽ ዓሣ በዓለም ላይ በብዛቷ ተወዳዳሪ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠመደው ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። በ1972 ኤል ኒኞ የተባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ተከሠተ፤ ሞቃቱ ውኃ እንደ ክዳን ከላይ ተኝቶ የጥልቁን ምግብ አገደው። በ1973 የተጠመደው 2 ሚሊዮን ቶን ያህል ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጥፋቱ የሙቀቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከልክ በላይ ይጠመድ ስለነበር የዓሣው ሀብት ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ አልነበረውም።

እነዚያ ዓመታት ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ሌላም ነገር ማስታወሳቸው አይቀርም። በዚያው የኤል ኒኞ ወቅት የኢትዮጵያ ሰሜናዊ ክፍል ዝናብ አጥቶ የወሎ ረሃብ ደርሷል። ለረሃቡ አስከፊነት የመንግሥት ቸልተኝነት ትልቅ ድርሻ እንደነበረው የታወቀ ቢሆንም፣ የዝናቡ መጥፋት ግን ከሩቁ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር የተያያዘ ነበር። በ2015 ኤል ኒኞ በብርቱ ሲመለስም በአገራችን ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ለምግብ እርዳታ ተዳርጓል። ስለዚህ የፔሩን ዓሣ አጥማጅና የወሎን ገበሬ በአንድ ዓመት ያስለቀሰው አንድ የውኃ አካል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ውቅያኖስ የሌለው አገር ከውቅያኖስ ነፃ የሆነ አገር አይደለም።

መሸሻ የሌለው የሐይቅ ዓሣ

ከባሕር ወደ ሐይቅ ስንመጣ ለስደት የሚሆነው ስፍራ ይጠባል። የታንጋንዪካ ሐይቅ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሐይቁ እጅግ ጥልቅ ስለሆነ ለዓሣ ምግብ የሚሆነው ማዕድን ከታች ተቀማጭ ነው፤ ወደ ላይ የሚያወጣውም በነፋስ ኃይል የሚደረገው መማሰል ነው። ሞቃት ውኃ ቀላል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከባድ በመሆኑ፣ የላይኛው ክፍል በሞቀ ቁጥር ሁለቱን መቀላቀል ለነፋሱ እየከበደው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዚህ ምክንያት የሐይቁ የምግብ ምርት በ20 በመቶ ያህል እንደቀነሰና ይህም የዓሣውን ምርት በ30 በመቶ ያህል ሊያጎድል እንደሚችል አስታውቋል። ከማማሰያው ይልቅ ወጡ ከበደ ማለት ነው።

በአገራችንም ቢሆን ትርፉን ያጣ ውኃ ምን እንደሚሆን አይተናል። የአብጃታ ሐይቅ ውኃው ለሶዳ አሽ ማምረቻና ገባሮቹም ለመስኖ ሲወሰዱ እየሸሸ፣ ጨዋማነቱም እየጨመረ ሄዶ ዓሣው ጠፍቷል፤ በአጎራባቹ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየተራቡ ከአብጃታ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም መመገቢያቸውን አጥተዋል። በጣና ሐይቅ ደግሞ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ዕንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ወንዝ ወጪ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደወረደ ጥናት አሳይቷል፤ ዋናው ተጠያቂም በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነው። እንዲህ በመረብ የሳሳ ሀብት ላይ ዝናቡ የሚዘገይበት፣ ወንዙ የሚያንስበት ዓመት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የዓሣው የመውለጃ ቀጠሮ ከዝናቡ ጋር ነውና።

የሶር ስድስቱ ዓሦች

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። የባሮና የአኮቦ ተፋሰስ ከመቶ የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች የሚገኙበት፣ በዓሣ ዓይነት ብዛት በአገራችን ቀዳሚ የሆነ ተፋሰስ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የሳይንሱን ዓለም ያስገረመው በጋምቤላ ገበያ የሚታየው ግዙፉ ናይል ፐርች ወይም አምባዛ አይደለም። በሶር ወንዝ ድንጋዮች መካከል የሚኖር፣ ሳይንሳዊ የወገን ስሙ «ጋራ» የሆነ ትንሽ ዓሣ ነው። ስሙ ከአማርኛው ጋራ ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ዓሣው በእርግጥም የተራራ ወንዝ ዓሣ ነው።

የጋራ ወገን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ምዕራብ አፍሪካ የተሠራጨ፣ ከ160 በላይ ዝርያዎች ያሉት ነው። አብዛኞቹ በአገጫቸው ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ እየተለጠፉ አልጌ የሚፍቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሌክሳንደር ጎሉብትሶፍና ባልደረቦቹ በሶር ወንዝ ውስጥ የዚህ ወገን ዓሦች በመልካቸው ከተለመደው ውጭ እጅግ የተለያዩ መሆናቸውን ጻፉ። በ2021 ቦሪስ ሌቪንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የዘረመል ጥናት ደግሞ በዚህ አንድ ወንዝ ውስጥ ስድስት የተለያዩ ዓይነቶች ጎን ለጎን እንደሚኖሩ አረጋገጠ። ስድስቱ በአፋቸው ቅርጽ፣ በመጣበቂያቸው፣ በአንጀታቸው ርዝመትና በአካላቸው ቁመና ይለያያሉ። አልጌ ፋቂው ረጅም አንጀት አለው። ከንፈረ ወፍራሙና ሌሎች እንስሳትን የሚያድነው ግን ቀድሞ በዚህ ወገን ውስጥ ታይተው የማይታወቁ ዓይነቶች ናቸው።

ይህ ግኝት ስለምን አስፈላጊ ሆነ? ከአንድ ቅድመ አያት በአጭር ጊዜ ብዙ ዝርያ መፈጠር የሐይቆች ልዩ ጸጋ ተደርጎ ለረጅም ዘመን ይቆጠር ነበር። ሶር ወንዝም ይህንን ማድረግ እንደሚችል ከሚመሰክሩት ጥቂት የዓለም ወንዞች አንዱ ሆነ። የዘረመሉ ማስረጃ እንደሚያመለክተው ስድስቱ ዓይነቶች ገና በቅርቡ፣ በዝግመተ ለውጥ አቆጣጠር ትናንት የተለያዩ ናቸው። ከመቱ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ዝርያ ሲፈጠር ማየት የሚቻልበት ቤተ ሙከራ ነው ማለት ነው።

የዚህን ያህል ወጣት የሆነ ልዩነት ግን በቀላሉ ይጠፋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ሲክሊድ የተባሉት ዓሦች የትዳር ጓደኛቸውን የሚመርጡት በቀለም ነው። ውኃው በደፈረሰባቸው አካባቢዎች ቀለም መለየት ስለተሳናቸው ዝርያዎቹ እርስ በርስ እየተዳቀሉ ብዛታቸው መቀነሱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አሳውቀዋል። አንዳቸውም ሳይሞቱ ዝርያ ጠፋ ማለት ነው። የሶር ዓሦችም ተለያይተው የሚኖሩት እያንዳንዱ የራሱ ማዕድ ስላለው ነው። ድንጋዩ በደለል ቢለብስ፣ አልጌው ቢለወጥ፣ ማዕዱ አንድ ይሆናል፤ የተለያዩትም ይቀላቀላሉ ብሎ መስጋት ያለ ምክንያት አይደለም።

በሙቀት ረገድም ቢሆን የሶር ዓሣ ዕጣ ከባሕሩ ዓሣ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ የአየር ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። የባሕር ዓሣ የአንድ ዲግሪን ጭማሪ ለማምለጥ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ዋልታው መዋኘት ይበቃዋል፤ መንገዱም ክፍት ነው። በተራራ ላይ ግን ሙቀት በየ1000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የወንዝ ዓሣ ለአንድ ዲግሪ 150 ሜትር ያህል ከፍታ መውጣት አለበት። ወደ ላይ ሲወጣም ወንዙ እየቀጠነ ይሄዳል፤ እንደ ሶር ፏፏቴ ያለ ገደል ሲያጋጥመው ደግሞ ጉዞው በዚያው ያበቃል። ወደ ታች ቢወርድ ጋምቤላ ትጠብቀዋለች፤ በከፍታው ልዩነት ብቻ ከመቱ ሰባት ዲግሪ ያህል የሞቀች ቆላ። ከላይ ግድግዳ፣ ከታች እሳት ነው።

ጥላና ገለፈት

ይህን ሁሉ ያነበበ ተማሪ «ታዲያ ከሁሩሙ ሆነን የዓለምን ሙቀት እንዴት እንመልሳለን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለምን ሙቀት ብቻችንን አንመልስም። የሶርን ሙቀት ግን በብርቱ የሚወስን አንድ ነገር በእጃችን አለ፤ እርሱም የወንዝ ዳር ዛፍ ነው።

በፊዚክስ ክፍል በተማርነው እናስላው። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት 500 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በቀትር የሚያርፍበት ፀሐይ 800 ዋት ቢሆንና ሁሉንም ቢውጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ 2.88 ሚሊዮን ጁል ይቀበላል። ይህንን ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው 4186 በ500 ተባዝቶ 2.09 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ ገላጣው ወንዝ በሰዓት እስከ 1.4 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ጥላ ከፀሐዩ አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢያሳልፍ ጭማሪው ወደ 0.14 ዲግሪ ይወርዳል። እርግጥ ነው፣ ትነትና የወንዙ ወለል የሚወስዱትን ሙቀት በዚህ ስሌት አላካተትንም፤ እውነተኛው ጭማሪ ከዚህ ያነሰ ነው። የሁለቱ ልዩነት ግን መልእክቱን ያስተላልፋል። የአገራችን አየር በግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ካገኘው ጭማሪ ጋር የሚስተካከል ሙቀት አንድ የተመነጠረ የወንዝ ዳርቻ በአንድ ቀትር ሊያመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ኢሉባቦር ባለ ጸጋ ነው። ሁሩሙን ጨምሮ በርካታ ወረዳዎችን የሚነካው የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ደን ብዙ ጊዜ የሚወደሰው የዱር ቡና መገኛ በመሆኑ ነው፤ ይገባዋልም። የዓሣም ቤት ጣሪያ መሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከቡናው ራሱ የሚመጣ ነው። እሸት ቡና በመፈልፈያ ጣቢያ ሲታጠብ ገለፈቱና እጣቢው በስኳር የበለጸገ ነው። ይህ እጣቢ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይራቡበታል፤ ሲያብላሉትም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። እንዲህ ያለ እጣቢ በሊትር ብዙ ሺህ ሚሊግራም ኦክስጅን ሊጠይቅ ይችላል። ለስሌት ያህል 3000 ሚሊግራም ብለን ብንወስድ፣ አንዲት ሊትር እጣቢ የ400 ሊትር የሶር ውኃን ኦክስጅን በሙሉ ትወስዳለች ማለት ነው። ወቅቱ ደግሞ ልብ ይሏል። ቡናው የሚለቀመውና የሚታጠበው ክረምቱ አልፎ ወንዙ መቀነስ ሲጀምር ነው። ውኃው ባነሰበት ጊዜ ሸክሙ ይበዛል፤ ባክቴሪያዎቹም በሙቀት ይበልጥ ይፈጥናሉ።

ከላይ ያልነው ነገር እዚህ ይደመደማል። ሙቀቱ ትርፉን ይወስዳል፤ እጣቢው የቀረውን ያሟጥጣል። በቀዝቃዛና በጥላ በተሸፈነ ወንዝ ዓሣው ሊቋቋመው ይችል የነበረ እጣቢ፣ በሞቀ ወንዝ ገዳይ ይሆናል። ነገሩ ተስፋም አለው፤ ስሌቱ በተቃራኒውም ይሠራልና። እጣቢውን በጉድጓድ አጠራቅሞ ማጣራት፣ ገለፈቱን ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ መለወጥ፣ ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ መጠቀም፣ በዳርቻው ላይ በኢሉባቦር ለአፈር ጥበቃ ሲተከል የኖረውን የቬቲቨር ሣር መትከል የታወቁና የሚቻሉ ሥራዎች ናቸው። ይህንን ያደረገ ሰው የአየር ንብረቱን አይለውጥም፤ ለዓሣው ግን የተወሰደበትን ትርፍ ይመልስለታል።

አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር

ውድ አንባብያን፣ ጽሑፋችንን የምንቋጨው በምክር ሳይሆን በሥራ ጥሪ ነው። የባሕርን ሙቀት ለመለካት በሺህ የሚቆጠሩ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየውቅያኖሱ ተሠማርተዋል። የሶርን ሙቀት ለመለካት ግን አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ደብተርና አንድ ትጉህ ተማሪ ይበቃሉ።

የሁሩሙና የመቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት ሁለት ቦታ ቢመርጡ እንዴት መልካም ነበር! አንዱ ጥላ ያለበት፣ ሌላው የተመነጠረ ዳርቻ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩልና ቀን 8 ሰዓት ላይ፣ ቴርሞሜትሩን ከውኃው ገጽ አንድ ክንድ ያህል አጥልቆ፣ ፀሐይ እንዳያርፍበት ከልሎ፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ፣ ሳያወጡ ማንበብ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ የውኃውን መደፍረስና የሰማዩን ሁኔታ በአንድ መስመር መጻፍ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ግን ወደ ዳር መቅረብ አይገባም፤ ከሰው ሕይወት የሚበልጥ ቁጥር የለም። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በቡና ወቅት የውኃውን ኦክስጅን ቢለኩ ደብተሩ ይሟላል።

የአንድ ዓመት ቁጥር ብዙም አይናገርም። የአሥር ዓመት ቁጥር ግን ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ምስክር ይሆናል። ደብተሩ ከታላላቆቹ ወደ ታናናሾቹ፣ ከአንድ ክፍል ወደ ተከታዩ ክፍል እየተላለፈ ሊኖር ይገባዋል። በሶር ድንጋዮች መካከል ያሉት ስድስቱ ዓሦች ለመለያየት ብዙ ሺህ ክረምቶችን ወስዶባቸዋል። በእኛ ዘመን መልሰው ቢቀላቀሉ ወይም ቢጠፉ፣ ቢያንስ አላየንም፣ አልለካንም የምንል ትውልድ አንሁን።